ዓሣ ሰጥታ እህል የምትበላ ጠረፍ

በአውሮፓ ምድር ሰሜናዊ ጫፍ፣ የኖርዌይ ግዛት ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ከፊንላንድና ከሩስያ ጋር በሚዋሰንበት ስፍራ፣ ፊንማርክ የምትባል አገር አለች። ስፋቷ ከ48,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ፣ ግሪንላንድ ሳትቈጠር ከመላው የዴንማርክ ምድር የምትበልጥ ስትሆን፣ በውስጧ የሚኖረው ሰው ግን 75,000 ያህል ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን በውስጠኛው ደጋ ላይ ሬንዲር የሚባለውን የበረዶ አገር አጋዘን ከሚያረባው ሕዝብ በቀር፣ ባሕሩ መሬቱን እየሰነጠቀ በገባባቸው ፊዮርድ በሚባሉ ሰርጦች ዳርና በደሴቶች ላይ ተበታትኖ የሰፈረ ነው። በምሥራቁ ዳርቻ ያለችው ቫርዶ ከኢስታንቡል ይልቅ ወደ ፀሐይ መውጫ ትቀርባለች ቢባል ለማመን ያስቸግራል፤ ካርታው ግን እንዲሁ ይመሰክራል።

አገሪቱ በሙሉ ከዋልታው ክበብ ወዲያ ስለምትገኝ፣ ኖርድካፕ በሚባለው የባሕር ገደል ዘንድ ፀሐይ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር አጋማሽ ከአድማስ በላይ ብቅ አትልም፤ ከግንቦት መጀመሪያ እስከ ሐምሌ ሦስተኛ ሳምንት ደግሞ አትጠልቅም። በዚህ ኬክሮስ ያሉት ብዙዎቹ ባሕሮች በክረምት በበረዶ የሚረጉ ሲሆኑ፣ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ የሚነሣው የሞቀ ጅረት የኖርዌይን ጠረፍ ታክኮ ወደ ሰሜን ስለሚፈስ፣ የፊንማርክ ጠረፍ ባሕር በክረምት እንኳ አይረጋም። ኮድ የተባለው ዓሣ በባሬንትስ ባሕር ሲመገብ ከርሞ፣ በጸደይ ወራት ካፔሊን የምትባለውን ደቃቃ ዓሣ እያሳደደ ወደ ጠረፉ ይጠጋል። እህል ግን ከጥቂት የተከለሉ ሸለቆዎች በቀር አይበቅልም። እግዚአብሔር ለዚህች ምድር ዳቦውን ነሥቶ ዓሣውን አበዛላት ማለት ይቻላል፤ ስለዚህም ሰዎቿ ከጥንት ጀምሮ ዓሣቸውን በሌላ አገር እህል ሳይለውጡ መኖር አልቻሉም። የዚህችን ጠረፍ ታሪክ ሳነብ ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚይዘው፣ ዓሣውን የሚያጠምደው እጅና ዋጋውን የሚቈርጠው እጅ በየዘመኑ የተለያዩ ሆነው መኖራቸው ነው። (በዚህ ትረካ የሚጠቀሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

የጥንት ነዋሪዎቿን ሥራ የሚመሰክረው የአልታ አለት ነው። በአልታ ፊዮርድ ዳር፣ ከ7,000 እስከ 2,000 ዓመት የሚገመት ዕድሜ ያላቸው በሺህ የሚቈጠሩ ሥዕሎች በድንጋይ ላይ ተቀርጸው ይገኛሉ፤ ሬንዲር በአጥር ተከብቦ ሲነዳ፣ ድብ ከዋሻው ሲወጣ፣ በጀልባ ላይ የቆመ ሰውም ገመዱን ወደ ጥልቁ ጥሎ ትልቅ ዓሣ ሲስብ ይታያል። በጽሑፍ ዘመንም አገሪቱ የሳሚ ሕዝብ አገር ሆና ትታወቃለች፤ ከእነርሱም እኩሌቶቹ በጠረፍ ዓሣ እያጠመዱ፣ እኩሌቶቹም በደጋው አጋዘን እየተከተሉ ይኖሩ ነበር። በ890 ገደማ ኦታር የሚባል ኖርዌያዊ ባላባት በእንግሊዝ ንጉሥ በአልፍሬድ አደባባይ ቀርቦ ወደ ሰሜን ያደረገውን የባሕር ጕዞ ሲያስረዳ፣ ያየውን ጠረፍ ከሳሚዎች አዳኞችና አጥማጆች በቀር ሰው የማይኖርበት ባዶ ምድር ብሎ ገለጠው፤ ከእነዚያው ከሳሚዎችም ቈዳና ላባ፣ የባሕር አውሬ አጥንትም በግብር ስም እንደሚቀበል ጨምሮ ተናገረ። ባዶ በተባለው ምድር ላይ ግብር የሚከፍል ሕዝብ መኖሩ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ታውቆ የነበረ ነገር ነው።

የኖርዌይ ነገሥታት እጃቸውን ወደዚህ የዘረጉት በ14ኛው ምእት ዓመት መባቻ ነው። በንጉሥ ሆኮን አምስተኛ ዘመነ መንግሥት በቫርዶ ደሴት ምሽግ ተሠራ፤ በ1307ም የኒዳሮስ ሊቀ ጳጳስ ዮሩንድ ወደዚያች ሩቅ ደሴት ወርደው የቤተ ክርስቲያኒቱን ቅዳሴ ቤት አከበሩ። ቤተ ክርስቲያንና ምሽግ አብረው የቆሙት የኖቭጎሮድ ሰዎች ከምሥራቅ ይገፉ ስለ ነበረ ነው። ሕዝቡን ወደ ጠረፉ የሳበው ግን ከሁለቱም ይልቅ የጾም ሥርዓት ነው፤ በምዕራብ ቤተ ክርስቲያን ሕግ በጾም ቀን ሥጋ ሲከለከል ዓሣ የተፈቀደ ስለ ነበረ፣ ከባሕር የራቁት የአውሮፓ ከተሞች ሳይበላሽ የሚከርም ዓሣ አጥብቀው ይፈልጉ ነበር።

ይህንንም የሰሜኑ ነፋስ አዘጋጀላቸው። አጥማጁ ኮዱን አንገቱን ቈርጦ ሆድ ዕቃውን ካወጣ በኋላ፣ ሁለቱን በጅራታቸው አስሮ በረጅም የእንጨት ቆጥ ላይ ያንጠለጥላቸዋል፤ ጨው አይነካቸውም። ብርዱ ዝንብ እንዳይወልድ ከልክሎ፣ ነፋሱም እርጥበቱን እየመጠጠ ሁለት ሦስት ወር ሲያቈያቸው፣ እንደ ፍልጥ የደረቀ ቋንጣ ይሆናሉ፤ ይህም ቋንጣ ለብዙ ዓመት የሚቀመጥ ሲሆን ሊበሉት ሲያስቡ በመዶሻ ቀጥቅጦ በውሃ መዘፍዘፍ ያስፈልጋል። ቋንጣው በመርከብ ተጭኖ ወደ ደቡብ ወደ በርገን ይወርዳል፤ በዚያም ከ1360 ገደማ ጀምሮ የሐንሳ ማኅበር የሆኑ የጀርመን ነጋዴዎች መጋዘንና ጽሕፈት ቤት አቁመው ነበር። ነጋዴው ዱቄቱን፣ ገመዱንና መንጠቆውን በዱቤ ያስቀድማል፤ አጥማጁም በሚመጣው ዓመት ዓሣ ይከፍላል። ባሕሩ የነፈገ ዓመት ሲመጣ ዕዳው ወደ ሁለተኛው ዓመት ይሻገራል፤ ከዚያም ወደ ልጅ ይተላለፋል።

በ16ኛው ምእት ዓመት የዓሣው ዋጋ ከፍ ብሎ ስለ ነበር፣ በውጭው ጠረፍ ያሉት የአጥማጅ መንደሮች በሰው ተሞልተው ነበር። በ1553 ወደ ቻይና የሚያደርስ የባሕር መንገድ ሲፈልግ የነበረው እንግሊዛዊው ሪቻርድ ቻንስለር በማዕበል ከተለዩት ጓደኞቹ ጋር ለመገናኘት በቫርዶ ወደብ ቈይቶ፣ ባይመጡለት ብቻውን ወደ ነጭ ባሕር ዘልቆ ሞስኮ ደረሰ። በተከታዩ ምእት ዓመት ግን የእህሉ ዋጋ ሲወጣ የዓሣው ዋጋ ወደቀ፤ ብዙ መንደር ተፈታ፤ በቀረው ሕዝብም ላይ ከድኽነቱ የሚብስ መከራ መጣ።

በ1617 ዓ.ም. በልደት ዋዜማ፣ ከቫርዶና ከኪበርግ ወደ ባሕር የወጡ ጀልባዎች ድንገት በተነሣ ማዕበል ተመቱ፤ 10 ጀልባዎች ሰጠሙ፤ 40 ወንዶች አለቁ። ጥቂት መቶ ሰው በማይሞላባቸው መንደሮች ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ሐዘን የደረሰበት ሁሉ ያውቀዋል። በዚያው ዓመት የዴንማርክና የኖርዌይ ንጉሥ ክርስቲያን አራተኛ በጥንቆላ ላይ የጸና ዐዋጅ አውጥቶ ነበርና፣ በ1619 ጆን ከኒንግሃም የሚባል ስኮትላንዳዊ አገረ ገዥ ሆኖ ከተሾመ በኋላ፣ ማዕበሉን ያስነሡት ሴቶች ናቸው የሚል ክስ ተጀመረ። ተከሳሽዋን አስረው ወደ ቀዝቃዛው ባሕር ይጥሏታል፤ ብትንሳፈፍ ውሃው ንጹሕ ስለ ሆነ እርሷን አልቀበል ብሏታል ተብሎ ጥፋተኛ ትሆናለች። ከ1600 እስከ 1692 ባለው ዘመን 91 ሰዎች በሞት ተቀጡ፤ 77ቱ ሴቶች፣ 14ቱ ወንዶች ነበሩ፤ ከሴቶቹ ብዙዎቹ በእሳት ተቃጠሉ፤ ከወንዶቹ ብዙዎቹ ሳሚዎች ነበሩ። የመላዋ ፊንማርክ ሕዝብ በዚያ ጊዜ 3,000 ያህል ብቻ እንደ ነበረ ሲታሰብ፣ ዘመድ ያልሞተበት ቤት ጥቂት ሳይሆን አይቀርም። ነጋዴው የዓሣውን ዋጋ ሲጥለውና ባሕሩ አባወራውን ሲውጠው፣ የቍጣው በትር ያረፈው ከሁሉ ይልቅ ኃይል በሌላት በአጥማጅ ሚስት ላይ ነው። በ2011 በቫርዶ ዳርቻ በቆመላቸው መታሰቢያ ውስጥ ለእያንዳንዳቸው አንድ ትንሽ መስኮትና አንድ አምፖል ተሰጥቷል፤ ከየመስኮቱም አጠገብ ከፍርድ ቤቱ መዝገብ የተቀዳው የክሳቸው ቃል ተጽፎ ይነበባል።

ከ17ኛው ምእት ዓመት ማብቂያ ጀምሮ መንግሥቱ የፊንማርክን ንግድ አንድ ጊዜ ለበርገን ነጋዴዎች፣ ሌላ ጊዜ ለኮፐንሃገን ኩባንያ፣ ኋላም ለቤተ መንግሥቱ ራሱ የብቻ መብት አድርጎ ሰጠው። አጥማጁ ለሌላ መሸጥ ተከለከለ፤ ዱቄቱ ሻግቶ ቢመጣ እንኳ የሚመርጠው ሌላ ሻጭ አልነበረውም። ይህ አሠራር የተሻረው በ1789 ነው፤ በዚያው ዓመት ሐመርፌስትና ቫርዶ የከተማነት መብት ተቀበሉ።

ሕዝቡ ግን ዐዋጁን ሳይጠብቅ ከምሥራቅ ሌላ በር ከፍቶ ነበር። ፖሞር የሚባሉት የነጭ ባሕር ሩስያውያን በየበጋው ዱቄት፣ ገመድ፣ ሬንጅና እንጨት ጭነው ከአርካንግልስክ ወገን ይመጣሉ። በሐምሌ ወር ሙቀት ዝንብ ስለሚበዛ ዓሣው በቆጥ ላይ ሊደርቅ አይችልም፤ ያጠመደው ሰው ጥሎት ይተላ የነበረውን ይህን ትኩስ ዓሣ ፖሞሮቹ ገዝተው በመርከባቸው ሆድ በጨው ይደረድሩታል፤ በለውጡም ጥቁር ዳቦ የሚጋገርበትን ዱቄት በስፍር እየሰፈሩ ይሰጣሉ። ገንዘብ እምብዛም አይታይም። ሁለቱ ወገኖች ግማሹ ከኖርዌይኛ፣ ግማሹ ከሩስያኛ የተውጣጣ ጥቂት መቶ ቃላት ያሉት የንግድ ልሳን ፈጥረው ይግባቡ ነበር። ከ1807 እስከ 1814 በነበረው ጦርነት የእንግሊዝ መርከቦች ባሕሩን ዘግተው፣ በ1809ም ሐመርፌስትን ወርረው በዘረፉ ጊዜ፣ ከዴንማርክ የሚመጣው እህል ሲቋረጥ የፊንማርክን ሰው ከረኀብ ያተረፈው የፖሞሮቹ ዱቄት ነው። ይህ ንግድ እስከ 1917 አብዮት ድረስ ቈየ። ጎረቤት ከጎረቤት ተፈላልጎ፣ የራሱን ትርፍ ለሌላው ጕድለት እየሰጠ፣ ያለ ጠብመንጃ ከመቶ ዓመት በላይ የኖረበት ይህ ዘመን፣ በእኔ አስተያየት ከፊንማርክ ታሪክ ሁሉ የሚወደድ ምዕራፍ ነው።

በ1826 ከሩስያ ጋር ያለው ወሰን ተከለለ። በዚያው ዓመት እንግሊዛውያን በአልታ አጠገብ በኮፊዮርድ የመዳብ ማዕድን ከፈቱ፤ ከፊንላንድም ረኀብ ያሳደዳቸው ክቨን የተባሉ ሰዎች ብዙ ሆነው እየመጡ በቫድሶና በሌሎች የፊዮርድ ዳር ስፍራዎች ሰፈሩ። የኖርዌይ መንግሥት ይህን በሥጋት ተመለከተው፤ ሳሚዎችንም ክቨኖችንም በትምህርት ቤት ቋንቋቸውን አስጥሎ ኖርዌያዊ ማድረግን መመሪያው አደረገ፤ በ1902 በወጣው ሕግም ኖርዌይኛ የማይናገርና በቤቱ የማይጠቀምበት ሰው የመንግሥት መሬት እንዳይገዛ ተደነገገ። አባቶቹ ባቀኑት ምድር ላይ በቋንቋው ምክንያት መሬት የተነፈገ ሰው በደሉን በቀላሉ አይረሳም፤ የዚህም ፍሬ ከብዙ ዓመት በኋላ ታይቷል።

በባሕሩ በኩልም አዲስ ጠብ ተነሣ። ከደቡብ ኖርዌይ የመጣው ስቬንድ ፎይን በ1860ዎቹ ማብቂያ በቫድሶ መደብሩን አቁሞ፣ ፈንጂ ባለው የመድፍ ጦር ዓሣ ነባሪን መግደል ሲጀምር፣ ሌሎችም ተከተሉት። አጥማጆቹ ግን ካፔሊንን፣ ከእርሷም ጋር ኮዱን ወደ ጠረፍ የሚነዳው ዓሣ ነባሪው ነው ብለው ያምኑ ነበር። አቤቱታቸው ለዓመታት ሰሚ አጣ፤ ዓሣው የጠፋበት 1903 በመጣ ጊዜም በሜሃምን የተሰበሰቡ አጥማጆች የዓሣ ነባሪውን ጣቢያ አፈራረሱት። ወታደር ተላከባቸው፤ ነገር ግን በተከታዩ ዓመት በጠረፉ ዓሣ ነባሪ ማደን በሕግ ተከለከለ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1906 በኪርኬነስ አካባቢ የብረት ማዕድን የሚያወጣው ሲድቫራንገር ተቋቋመ፤ በዚህም ከዓሣ ሌላ ደመወዝ የሚከፍል ታላቅ ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ በምሥራቁ ቆመ።

ጀርመን በ1940 ኖርዌይን ከያዘች በኋላ ኪርኬነስ ሙርማንስክን ለመውጋት የጦር ሰፈር ሆነች፤ ሙርማንስክ ግን አልተያዘችም። በኦክቶበር 7 ቀን 1944 የሶቪየት ጦር ማጥቃት ጀመረ፤ በ25ኛውም ቀን ኪርኬነስ ገባ። በዚያ ሰሞን 3,000 ያህል ሰዎች በቢዮርነቫትን በማዕድኑ ዋሻ ውስጥ ከነከብቶቻቸው ተሸሽገው ነበር፤ በጨለማውም ውስጥ 10 ያህል ሕፃናት ተወለዱ። ከሦስት ቀን በኋላ ሂትለር፣ የሚያሳድደው ጦር ማደሪያም ምግብም እንዳያገኝ፣ ሕዝቡ በግድ ተነቅሎ አገሩ ሁሉ እንዲቃጠል አዘዘ።

ትእዛዙ በአብዛኛው መንደር ተፈጸመ። 50,000 ያህል የፊንማርክና የሰሜን ትሮምስ ሰዎች በእጃቸው ሊይዙት ከሚችሉት በቀር ሁሉን ትተው በመርከብና በመኪና ወደ ደቡብ ተወሰዱ፤ ከብቱ ታረደ፤ ጀልባው ተሰባበረ፤ የወደቡ ማረፊያና ድልድዩ በፈንጂ ፈረሰ፤ የዓሣ ማድረቂያው ቆጥ፣ የስልኩ ምሰሶ፣ 11,000 ያህል መኖሪያ ቤት፣ ከ100 በላይ ትምህርት ቤትና 27 አብያተ ክርስቲያናት ጠፉ። በሐመርፌስት ከመቃብሩ ጸሎት ቤት በቀር የቆመ ቤት አልተረፈም። 25,000 ያህል ሰዎች ግን አንሄድም ብለው ቀሩ፤ እኩሌቶቹ በምሥራቅ ነጻ በወጣው ምድር ላይ ሲሆኑ፣ ሌሎቹ በዋሻ፣ በሣርና በአፈር በተሸፈነ ጎጆ፣ በተገለበጠ ጀልባ ሥር ጭስ እንዳይታይባቸው እየተጠነቀቁ ያን ጨለማ ክረምት አሳለፉት።

ጦርነቱ በሜይ 1945 ሲያልቅ መንግሥቱ ለስደተኞቹ ቤት ሳይዘጋጅ መመለስ አይገባም ብሎ ከለከለ። ምክሩ በአእምሮ ሲመዘን ትክክል ነበር፤ ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው የሚያድርበት ጣራ፣ የሚጋገርበት ምድጃ አልነበረውምና። ሰዎቹ ግን ፈቃድ ሳይጠይቁ በየጀልባው እየተሳፈሩ ሄዱ። በሆኒንግስቮግ የተረፈችው በ1885 የታነጸችው ቤተ ክርስቲያን ብቻ ስለ ነበረች፣ የመጀመሪያዎቹ ተመላሾች በእርሷ ውስጥ አደሩ፤ ከጸሎቱ ስፍራ ጎን ዳቦ ጋገሩ፤ በቀንም ወጥተው ከአመዱ ውስጥ ሚስማር እየለቀሙ፣ እያቀኑ ጎጆ ሠሩ። የሶቪየት ጦርም በ1945 መስከረም ሳይጨርስ ወሰኑን ተሻግሮ ወጣ። መንግሥቱ በኋላ የሠራቸው አንድ ዐይነት መልክ ያላቸው ቤቶች ዛሬም በየመንደሩ ይታያሉ፤ ነገር ግን ፊንማርክን እንደገና አገር ያደረጋት ያ ፈቃድ ያልጠየቀ መመለስ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከጦርነቱ በኋላ ማቀዝቀዣ ፋብሪካና የሞተር ጀልባ ተስፋፋ፤ በውጭ ደሴት የነበሩ ብዙ ትናንሽ መንደሮች ግን ተፈቱ። በ1970 በአልታ ወንዝ ላይ ሊሠራ የታሰበው የኤሌክትሪክ ግድብ ማዜ የምትባለውን የሳሚ መንደር የሚያሰጥም ሆኖ በመገኘቱ ተቃውሞ ተነሣ፤ መንደሪቱ ብትተርፍም የግድቡ ዕቅድ ግን ጸንቶ ቀረ። በ1979 ሳሚዎች በኦስሎ በፓርላማው ፊት ድንኳን ተክለው ምግብ ተዉ፤ በ1981 መጀመሪያም 600 ያህል ፖሊሶች በመንገዱ ላይ ራሳቸውን በሰንሰለት ያሰሩትን ሰዎች አንሥተው ሥራውን አስጀመሩ። ግድቡ በ1987 ተፈጸመ፤ ክርክሩ ግን በ1902 ሕግ የተዘራውን በደል አደባባይ አወጣውና፣ በ1989 ንጉሥ ኦላፍ የሳሚን ፓርላማ በካራሾክ መርቀው ከፈቱ፤ በ2005 ሕግም ከፊንማርክ መሬት 95 በመቶ ያህሉ ከመንግሥት እጅ ወጥቶ ነዋሪዎቹ ወደሚሾሙበት ድርጅት ተላለፈ።

ባሕሩ ግን እንደ መሬቱ አልተመለሰላቸውም። በ1980ዎቹ ካፔሊን ባለቀች ጊዜ የተራበው የአቆስጣ መንጋ ወደ ፊዮርዶቹ ገብቶ ዓሣውን አባረረ፤ በአፕሪል 1989ም የኮድ ማጥመድ በዓመቱ መካከል እንዲቆም ታዘዘ። በ1990 መንግሥቱ ለየጀልባው ኮታ ሲመድብ፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት ብዙ ያጠመደ ብቻ መብት እንዲያገኝ ወሰነ፤ እነዚያ ዓመታት ደግሞ አቆስጣው የፊዮርዶቹን አጥማጆች መረብ ባዶ ያስቀረባቸው ዓመታት ነበሩ። ስለዚህ በትናንሽ ጀልባ ከቤቱ ፊት ሲያጠምድ የኖረው የጠረፍ ሳሚ ከዝርዝሩ ወጣ። ኮታውም ከጀልባው ጋር የሚሸጥ ንብረት ሆነና ካፒታል ወዳላቸው ወደ ሌሎች ጠረፎች ሄደ። በዚያው ዓመት መንግሥቱ ለፊንማርክ ነዋሪ ግብር ቀነሰ፤ ትምህርቱን ጨርሶ በዚያ ለሚኖር ወጣትም በየዓመቱ ከትምህርት ብድሩ ዐሥር በመቶ ይሰረዝለት ጀመር። ይህ ሁሉ ደግ አሳብ ነው፤ ቢሆንም ከኪስ ለሚሰጥ ድጎማ ሲባል ከደጃፍ ያለውን ዓሣ ማጣት የተስተካከለ ልውውጥ ሆኖ አይታየኝም።

ካሣ የሆነላቸው ማንም ያላሰበው ፍጥረት ነው። በ1960ዎቹ የሶቪየት ሊቃውንት ከሩቅ ምሥራቅ አምጥተው በሙርማንስክ አካባቢ የለቀቁት ትልቁ ሸርጣን እየተራባ ወሰኑን ተሻግሮ በምሥራቅ ወዳለው ወደ ቫራንገር ፊዮርድ መጣ፤ በመጀመሪያ መረብ የሚበጣጥስ ጠላት ተባለ፤ ከ2002 ጀምሮ ግን በንግድ እየተጠመደ በውድ ዋጋ ይሸጣል፤ የትናንሽ ጀልባ ባለቤቶችም ከእርሱ ኑሮ ያገኛሉ። በ2007 በሐመርፌስት ፊት ባለችው በመልኮያ ደሴት የተፈጥሮ ጋዝ ማቀዝቀዣ ሥራ ጀመረና ከተማይቱ በገንዘብ ዳበረች። ፓርላማው ፊንማርክን ከትሮምስ ጋር ለማዋሐድ በወሰነ ጊዜ፣ በ2018 በተደረገው የሕዝብ ድምፅ ከመቶ 87ቱ እንቢ አሉ፤ ቢሆንም ውሕደቱ በ2020 ተፈጸመ፤ በ2024 ጃንዋሪ 1 ቀን ደግሞ ተሽሮ ፊንማርክ ለብቻዋ ቆመች። በ2022 በዩክሬን ላይ ጦርነት በመነሣቱ የሩስያ አጥማጅ መርከቦች በኪርኬነስ፣ በቦትስፊዮርድና በትሮምሶ ብቻ እንዲቆሙ ተወስኖ፣ የኪርኬነስ መርከብ ጥገናና ንግድ ቀዘቀዘ። በ2023 የኖርዌይ መንግሥት የመልኮያ ፋብሪካ በጋዝ ፈንታ ከምድር በሚመጣ ኤሌክትሪክ እንዲሠራ ፈቅዷል፤ ይህም በግጦሹ ምድር ላይ አዲስ የኤሌክትሪክ መስመር መዘርጋትን የሚጠይቅ ስለ ሆነ፣ የአካባቢው የሬንዲር አርቢዎች አጋዘኖቻችን የሚወልዱበትና የሚግጡበት ስፍራ ይጠፋብናል በማለት ተቃውሟቸውን አሰምተዋል።